ወደ ዊንጌት ውሰዳት

የእህቴ ልጅ የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ውጤት የመጣ ዕለት ደስታውም ጭቅጭቁም ተያይዘው ቤት ገቡ። ሒሳቧና ሳይንሷ ከፍ ብለው መጥተዋል። መካከለኛ ቢሆን ኖሮ እዚሁ ከሚሴ ዘጠነኛ ክፍል ትገባና ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር። ውጤቱ ሲያምር ግን አባቷ፣ "ይቺ ልጅ እዚህ መቅረት የለባትም፤ አዲስ አበባ ነው የምትማረው" ብሎ ተነሳ። እናቷ ሲኒ እያጠበች፣ "የት? ማን ጋ? ማን እያያት?" አለች። ጅዳ ያለችው ትልቋ ልጅ በኢሞ ድምፅ ላከች፦ "ክፍያውን እኔ እችላለሁ። ጥሩ የተባለውን ብቻ ፈልጉላት።" ትልቋ ራሷ ዘጠነኛ ክፍልን ሳትጨርስ ነው የሄደችው።

እንዲህ ያለ ጭቅጭቅ በጨፋ ሸለቆ ድሮ ብዙም አልነበረም። ልጅ ካለፈ አለፈ፣ ከወደቀም ወደቀ ይባል ነበር። ነገሩን የለወጠው የ2014ቱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ነው። ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ እንዲሰጥ ሆነና ውጤቱ ጥር 2015 ላይ ሲነገር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በዓመቱ 3.2፣ ቀጥሎ 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4። በእነዚህ ዓመታት አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ ከአንድ ሺሕ በላይ ነበሩ። ይህን የሰማ ወላጅ ሁሉ ልጁን የሚያስተምርበትን ትምህርት ቤት ስም መመርመር ጀመረ። እኛ ጋ ደግሞ ትምህርቱ ራሱ የተቆራረጠ ነው። በ2013 አጣዬና ጅሌ ጥሙጋ ላይ የደረሰውን ግጭት የአካባቢው ሰው ያውቀዋል፤ በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ከሚሴን ራሷን አዳረሰ። ከዚያም ወዲህ ክልሉ አልረጋም። የእህቴ ልጅ ያን ሁሉ ያለፈችው ደብተሯን ይዛ ነው፤ አንዳንዱን ወር ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከጎረቤት ልጆች ጋር ጓሮ ተቀምጠው ሒሳብ እየተጠያየቁ።

ለዚህ ጉዳይ ተብሎ ቡና ተፈላ። ዱዓው ተደረገ፣ ጎረቤት ተሰበሰበ። አቦሉ ላይ ሁሉም የግል ትምህርት ቤት አለ። ቶናው ላይ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር፣ "የመንግሥት ይሻላል፣ ልጆቹ ከሁሉም ሰው ጋር ይውላሉ" አሉ። በረካው ላይ እናቷ ከሁሉ የከበዳትን ጥያቄ አነሳች፦ "ሂጃቧን አውልቂ የሚላት አለ?" በ2017 በአክሱም በተማሪዎች ሂጃብ ላይ የተነሳውን ውዝግብ ሁሉም ሰምቶ ስለነበር ጥያቄውን ቀላል ነው ያለ የለም። "እሱን በር ላይ ቆመህ ትጠይቃለህ" አለችኝ። ሥራዬ መንገድ ለመንገድ ስለሆነ አዲስ አበባን ያውቃል ተብዬ አስመራጩ እኔ ሆኛለሁ። ልጅቷን ይዤ እንድሄድ፣ አይቼ እንድመርጥ፣ አስመዝግቤ እንድመለስ ተወሰነ።

ነሐሴ ነው። ቦርከና ሞልቶ ጨፋ ላይ ተኝቷል፤ በበጋ የአፋር ከብት ሳይቀር መጥቶ የሚግጥበት ሣር ጫፉ ብቻ ይታያል። የተነሳነው እሑድ ስለነበር ሰንበቴ ላይ ገበያው መንገዱን ሞልቶት ሚኒባሳችን በከብትና በሰው መሐል ተራውን ጠበቀ። ሸዋ ሮቢትን አልፈን ደብረ ሲና ስንደርስ ላይ ጣርማ በር ዋሻው አጠገብ ከባድ መኪና መንገድ ላይ ተጋድሞ ሁሉም ቆሟል አሉን። ጉም ወረደ፣ መሸ። ልጅቷ ብርድ የማታውቅ የቆላ ልጅ ናት። የደብረ ሲና ቆሎ ገዛሁላት፣ ጋቢዬን አለበስኳት፤ እሷ ግን ከቦርሳዋ አንድ የተቀዳደደ የዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ መጽሐፍ አውጥታ በስልኬ መብራት ታነባለች። ከየት አገኘሽው ብላት፣ "የእህቴ ነው" አለች። እዚያው መኪና ውስጥ አደርን። መንገዱ ሲከፈት ፀሐይ ወጥታ ነበር።

አዲስ አበባ የእናቴ ታናሽ ወንድም አሉ። በንጉሡ ዘመን መርካቶ ገብተው እዚያው የሸመገሉ ሰው ናቸው። ጉዳያችንን ሰምተው ሳይጨርሱ፣ "ምን ታስባላችሁ? ወደ ዊንጌት ውሰዳት" አሉኝ። ወጣት ሆነው በዚያ በኩል ሸቀጥ እየተሸከሙ ሲያልፉ የዊንጌትን ተማሪዎች እያዩ ይቆሙ ነበር። እንግሊዛውያን መምህራን ያስተምሩበት የነበረ፣ በ1938 የተከፈተ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። "እዚያ የገባ ልጅ ሰው ይሆናል" አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እኚህ ሰው ለራሳቸው ያላገኙትን ለእህታቸው የልጅ ልጅ ሲመኙ እምቢ ማለት አልችልም። በማግስቱ ሄድን።

በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ትሁት ሰው ነበር። ጄኔራል ዊንጌት ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኗል፤ ዘጠነኛ ክፍል የለውም። አጎቴ በስልክ ይህን ሲሰሙ ዝም ብለው ቆዩና፣ "እንግዲያው ተፈሪ መኮንን" አሉ። እሱም በ1917 የተከፈተ፣ ከጣሊያን በኋላ ከካናዳ የመጡ የኢየሱሳውያን ማኅበር አባላት ያስተዳደሩት፣ ስንት ሚኒስትርና ምሁር የወጣበት ግቢ ነው። ዛሬ እንጦጦ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ነው። እኛም ወሎ ውስጥ እንዲሁ ያለ አለን፤ አባቶቻችን ደሴ ወይዘሮ ስሂን የተማረ ሲባል ቆመው የሚቀበሉት ስም ነበር፤ እሱም ፖሊ ቴክኒክ ሆኗል። ሙያ መማር ክብር ነው፣ ስለዚያ ክርክር የለኝም። ግን የአገሩ ሽማግሌ በልቡ ይዞት የሚዞረው የጥሩ ትምህርት ቤት ዝርዝር ግማሹ ሁለተኛ ደረጃ መሆኑን ካቆመ ዘመን ተቆጥሯል። ቤተሰብ ልጁን ይዞ የሚነሳው ግን ዛሬም በዚያ ዝርዝር ነው።

ከተፈሪ መኮንን ግቢ ወርደን ስድስት ኪሎ አካባቢ የካቲት 12 ሲባል የኖረውን ትምህርት ቤት በውጭ አየን። ለልጅቷ ይህ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት መሆኑን ነገርኳት፤ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ለሴቶች ልጆች የተከፈተ። መነን የወሎ ሰው ናቸው፣ አምባሰል የተወለዱ፤ ደሴ ያለው ወይዘሮ ስሂን ደግሞ በእናታቸው ስም የተሰየመ ነው። የእናትና የልጅ ስም፣ አንዱ ደሴ አንዱ አዲስ አበባ፣ ሁለቱም ትምህርት ቤት። ይህን ሳወራላት ከመጣን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ወደ አራት ኪሎ ስንወርድ ዳግማዊ ምኒልክን አሳየኋት፤ በ1900 የተከፈተ፣ ያገሩ የመጀመሪያው ዘመናዊ የመንግሥት ትምህርት ቤት። "ይኼ አሁንም ትምህርት ቤት ነው?" አለችኝ። አዎ፣ ይኼ አሁንም ትምህርት ቤት ነው።

ከዚያ ወዲያ ስም መከተሉን ትተን የግል ትምህርት ቤቶች ወደተደረደሩበት ሰፈር ሄድን። አንደኛው በር ላይ ትልቅ ባነር ተሰቅሏል፤ ካስፈተናቸው ተማሪዎች ሁሉንም ማሳለፉን ይናገራል፣ የልጆቹም ፎቶ አለበት። ግቢው ንጹሕ ነው፣ ኮምፒውተሩ ብዙ ነው። ሂጃቡን ጠየቅኩ፤ ችግር የለም አሉ። የመመዝገቢያውና የወሩ ክፍያ ሲነገረኝ ጅዳ ያለችውን ልጅ አሰብኳት፤ የሰው ቤት ወለል የምትወለውልበትን ሰዓት። ቢሆንም እችላለሁ ብላለች። የመግቢያ ፈተና አለ ተባለ፣ ልጅቷ ተቀመጠች። ጥያቄው በሙሉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ሒሳቡም ጭምር። ስትወጣ ፊቷን አይቼ አወቅሁ። ቁጥር ብቻ ያለበትን ሁሉ ሠርታለች፤ ሒሳቡ በታሪክ መልክ የተጻፈበት ቦታ ላይ ግን ቃሉ እየያዛት ቆማለች። "እንግሊዝኛዋ አይበቃም፤ ለደረጃችን ያስቸግረናል" አሉን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መነገር አለበት። በዞናችን ልጆች አንደኛ ደረጃን የሚማሩት በአፋን ኦሮሞ ነው። እኔ ይህን እደግፋለሁ፤ ልጅ በእናቱ ቋንቋ ሲያስብ እንዴት እንደሚፈጥን በዚህችው ልጅ አይቻለሁ። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ግን ፊዚክሱም ባዮሎጂውም ታሪኩም በአንድ ጊዜ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። የሚያሻግር መምህር የሚያስፈልገው ያኔ ነው። አዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት ያደገ ልጅ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ እንግሊዝኛ በጆሮው ገብቷል። ሁለቱን ልጆች በአንድ ወረቀት ፈትኖ አንደኛውን መመለስ ይቻላል። ያ ፈተና ግን ማን ከየት እንደመጣ ነው የሚናገረው፣ ትምህርት ቤቱ ምን ማስተማር እንደሚችል አይናገርም።

ከበሩ ወጥተን ታክሲ ስንጠብቅ ልጅቷ ባነሩን ዘወር ብላ አየችና፣ "አጎቴ፣ ሁሉም ያለፉት የማያልፈውን መጀመሪያውኑ ስለማያስገቡ ነው?" አለችኝ።

ታክሲው መጣ፣ አልገባሁም። ተመልሼ ገባሁና መዝጋቢዋን በትሕትና ጠየቅኋት፦ ባነሩ ላይ ያሉት ልጆች ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ ስንት ነበሩ? በመካከሉ ስንቱ ወጡ? ለምን ወጡ? ሴትየዋ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ግራ ገብቷት አየችኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ ወላጅ መጥቶ እንደማያውቅ ከፊቷ ታወቀኝ። መዝገቡ ሌላ ቢሮ ነው፣ ኃላፊው የለም አለች። እስኪመጣ ልጠብቅ አልኳት፤ ጠበቅኩ፤ አልመጣም። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ይህን ጥያቄ በገባሁበት በር ሁሉ እጠይቃለሁ። አርባ ልጅ ተቀብሎ አርባውንም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያደረሰ፣ ከእነሱም አሥሩን ያሳለፈ ትምህርት ቤት፣ መርጦ ካስገባቸው መሐል ደካማውን በየዓመቱ እየሸኘ በመጨረሻ የቀሩትን አሥር ሁሉ ካሳለፈው ያነሰ ነው ብዬ ማመን አልችልም። ባነሩ ላይ ግን የሚሰቀለው የሁለተኛው ነው።

ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ዞርን። በአጎቴ ሰፈር አንድ አለ፤ ግቢው ሰፊ፣ ክፍሉ የተጨናነቀ፣ መምህራኑ ግን ነሐሴ ላይ እንኳ ግቢ ውስጥ የሚታዩ። ልጅቷ ወደደችው። አጎቴ የነዋሪነት መታወቂያቸውን አቀረቡ፣ መሸኛችንንና የስምንተኛ ክፍል ካርዷን ሰጠን። ጣጣው ከዚህ ጀመረ። ካርዷ የተጻፈው በቁቤ ነው፤ ስሟ በአፋን ኦሮሞ አጻጻፍ አናባቢዎቹ ተደጋግመው። ፋይዳው ላይ ደግሞ ስሟ በሌላ አጻጻፍ ነው ያለው። መዝጋቢው ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ፣ "ሁለት ሰው ነው" አለ። ልጅቷ ፊቱ ቆማለች፤ ፎቶው የእሷ ነው፤ የተወለደችበት ቀን አንድ ነው። "አንድ ሰው መሆኗን የሚገልጽ ደብዳቤ ከዞኑ አምጡ፤ ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል።"

ከሚሴ ደወልኩ። እህቴ ቢሮ ለቢሮ ዞራ፣ ተራ ጠብቃ፣ ማኅተም የሚያደርገው ሰው ለቅሶ ሄዶ እስኪመለስ ቆማ ደብዳቤውን አገኘች። በፎቶ ላከችልኝ፤ መዝጋቢው ዋናውን ካላየሁ አለ። እህቴ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የሚያልፍ አውቶቡስ አስቁማ ለረዳቱ ሰጠችና ስልክ ቁጥሩን ላከችልኝ። ላምበረት መናኸሪያ ከቀትር ጀምሬ ቆምኩ። አውቶቡሱ ሲገባ ረዳቱ ደብዳቤውን አጣው። ወንበር አነሳ፣ ምንጣፍ ገለበጠ፣ ኪሱን ሁሉ ፈተሸ፤ ልጁ ከእኔ በላይ ተጨንቆ ላብ አጠመቀው። በማግስቱ ማታ ደወለልኝ፦ ደብዳቤው የሾፌሩ ጃኬት ኪስ ውስጥ ነበር፣ ሾፌሩም ሌሊቱን ተነስቶ ደሴ ገብቷል። ዓርብ አለፈ። ምዝገባው ተዘጋ።

አጎቴ ቤት ያን ማታ እራት የበላ ሰው አልነበረም። ልጅቷን አብሽሪ ብላት አላለቀሰችም፤ "ደብዳቤው ደሴ ነው አይደል? አክስቴም ደሴ ናት። እዚያ እንየው" አለች። የአባቷ እህት ደሴ እንደምትኖር አዲስ አበባ አዲስ አበባ ስንል ማንም አላነሳውም ነበር።

ደሴ ደብዳቤውን ከሾፌሩ ቤት ተቀብለን፣ ለአክስቷ ቤት ቅርብ ወደሆነ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሄድን። ርዕሰ መምህሩ ጥያቄዬን ሰምተው ተነሱና ከመደርደሪያ ወፍራም መዝገብ አወረዱ። በዚያ ዓመት አሥራ ሁለተኛን የተፈተኑት ልጆች ዘጠነኛ ክፍል ስንት ሆነው እንደገቡ በጣታቸው እየቆጠሩ አሳዩኝ። በጦርነቱ የተፈናቀሉትን፣ የተመለሱትን፣ ያልተመለሱትን በእርሳስ ምልክት አድርገውባቸዋል። ያሳለፉት ጥቂት ነው፤ አልደበቁም። "ከገጠርም ከሌላ ዞንም በእናት ቋንቋቸው ተምረው የሚመጡ አሉን፤ የዘጠነኛ ክፍል የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከሰዓት በኋላ እንግሊዝኛ እናጠናክራለን" አሉ። ማን ያስተምራል ብዬ ስጠይቅ፣ "እኔና ሁለት መምህራን" አሉ።

ከዚያ ልጅቷ ጠየቀች። ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር፣ ግን አልተንቀጠቀጠም፦ "የላቦራቶሪው ቁልፍ ማን ጋ ነው?"

እኔ ያልመጣልኝ ጥያቄ ነው። ላቦራቶሪ አለን የማይል ትምህርት ቤት አላጋጠመንም ነበር፤ ሁሉም ጋ ግን በሩ ላይ የተንጠለጠለው ቁልፍ አቧራ ለብሷል። እሳቸው ቁልፉ የፊዚክስ መምህሩ ጋ እንደሆነ ነገሯት፤ መምህሩንም አስጠሩ። አንድ ወጣት መጣ፣ በሩን ከፈተ። ዕቃው ብዙ አይደለም። ግማሹ ብርጭቆ አፉ የተሸረፈ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ግን ባለፈው ሰኔ የተሠራ የኤሌክትሪክ ዑደት ከነሽቦው ነበር። ልጅቷ ሽቦውን በዓይኗ ተከትላ ባትሪው በየትኛው በኩል መግባት እንዳለበት ነገረችው። በአፋን ኦሮሞ ነበር የተናገረችው፤ መምህሩ ተረዳት፣ ቃሉን በእንግሊዝኛ አስደገማት። እዚያው ተመዘገበች።

አባቷ ሲሰማ ከፋው። "አዲስ አበባ ብዬ ደሴ?" አለ። ቅሬታው ይገባኛል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ትልቅ ነገር ሁሉ ያለው በደቡብ በኩል በዚያ አስፋልት መጨረሻ እንደሆነ ሲነገረው አድጓል። ደሴ ከከሚሴ 80 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ አዲስ አበባ ከ300 በላይ። መንገድ ሲዘጋ እናት በእግሯም ቢሆን የምትደርስበትንና የማትደርስበትን ልዩነት ባለፉት ዓመታት እኛ አይተነዋል። ጅዳ ያለችው ግን ዜናውን ሰምታ የላከችው ድምፅ ረጅም ነበር። ስለ ደሴም ስለ አዲስ አበባም አንድ ቃል አላለችም። ቁልፉን የያዘው መምህር ምን እንደሚያስተምር ደጋግማ ጠየቀች፤ እሷ ስትማር የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ መምህር አጥቶ ግማሽ ዓመት ባዶ እንዳለፈ ነገረችን። ያን ጊዜ ነው አንድ ደላላ በባቲ በኩል አረብ አገር ላድርስሽ ያላት።

ይህን ከሰማሁ በኋላ ነገሩ በአንዲት ልጅ ምዝገባ ሊያበቃልኝ አልቻለም። በሸለቆው የዘጠነኛ ክፍል ሴት ልጅ ፊት ያለው ምርጫ ዳግማዊ ምኒልክ ነው ወይስ የካቲት 12 የሚል አይደለም። ዘጠነኛ ክፍል ነው ወይስ አረብ አገር የሚል ነው፤ በብዙ ቤት ያሸነፈው ደግሞ አረብ አገር ነው። ደሴ አክስት የሌላት ልጅስ? ከብት ይዛ ጨፋ ላይ የምትውለዋ፣ ሒሳቧ እንደዚችኛዋ የሆነ ልጅ የት ትሂድ? እዚሁ የሚያስተምራት ትምህርት ቤት ይገባታል፤ ቁልፉ መምህር እጅ ያለ ላቦራቶሪ፣ ወደ እንግሊዝኛ የሚያሻግር መምህር።

ስለዚህ ጥያቄዬን ይዤ ከዞናችን ትምህርት ቤቶች በአንዱ የወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ተነሳሁ፦ ዘጠነኛ ክፍል ስንት ገቡ፣ አሥራ ሁለተኛ ስንት ደረሱ? የተቆጠረ ነገር አልነበረም። ምክትል ርዕሰ መምህሩ፣ "እንቁጠረው ካላችሁ መዝገቡ አለ" አሉ። ጡረታ የወጡት መምህር፣ እህቴ፣ እኔና ሁለት ወላጆች ተቀመጥን። ስም እየተጠራ ምክትሉ የሚያውቁትን ይናገራሉ፦ ይቺ ተዛወረች፣ ይኼ ሥራ ገባ፣ ይቺ አገባች፣ ይቺ ሪያድ ናት፣ ይቺም። የሴቶቹ ስም ላይ ስንደርስ እህቴ እስክሪብቶውን ከእጄ ወስዳ ራሷ መጻፍ ጀመረች። የዘጠነኛውን ክፍል ጨርሰናል። የአሥረኛውን መዝገብ የፊታችን ቅዳሜ ከዙሁር ሶላት በኋላ እንቀጥላለን፤ የልጅቷም አባት እመጣለሁ ብሏል።